የገሰራ ውኃ፣ የቀላፎ ጎርፍ

ሰኔ 30 ማታ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች መብራት ቶሎ አይጠፋም። ሰነድ የሚያወራርደው፣ ቼክ የሚያስፈርመው፣ ያልተነካ ብር ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ እንዳይሆንበት ከቢሮ ቢሮ የሚሮጠው ሠራተኛ ያን ዕለት እራቱን የሚበላው እዚያው ነው። በማግስቱ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። አብዛኛው የአገራችን ደጋ ክረምቱ የሚከብደውም ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። ለጎርፍ መከላከያ የተያዘ ብር ካለ ሳጥኑ የሚከፈተው ማሳው ረግረግ ሆኖ ስካቫተር በማይገባበት፣ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና እስከ አክስሉ በሚሰምጥበት ወር ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተጫራች ተመዝኖ፣ ውል ተፈርሞ ሥራው መሬት ሲነካ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሆናል። ለጎጃም ወይም ለሸዋ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚሠራበት ረጅም በጋ አላቸው።

ባሌ ግን እንዲህ አይደለም። የሮቤ፣ የጎባ፣ የሲናናና የገሰራ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። ከመጋቢት የሚጀምረውን ወቅት ገበሬው በኦሮምኛ ገና ይለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተዘርቶ ታኅሣሥ አካባቢ የሚሰበሰበው ደግሞ ቦና ነው። ሁለት አዝመራ ማለት ሁለት ዝናብ ነው፤ ለአፈር ሥራ የሚመች ደረቅ ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። ታኅሣሥን አዝመራው ይወስደዋል። ጥርና የካቲት ይቀራሉ፤ መጋቢት ላይ ሰማዩ እንደገና ይጠቁራል። ሐምሌ 1 የተከፈተ በጀት ባሌ ደርሶ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ወር ከምናምን ነው።

የጎርፍ መከላከያ ገንዘብን ነገር ከዚህ የጀመርኩት ብዙ ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ብሩ ማነስ ስለሚሆን ነው። ብሩ በርግጥም ያንሳል። ይሁን እንጂ መቼ ይመጣል፣ የት ይወርዳል፣ ማን ያወጣዋል የሚሉት ጥያቄዎች ከመጠኑ አይተናነሱም። እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር ደግሞ ገሰራን የመሰለ ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ገሰራን የጎርፍ ወረዳ ብሎ የሚጠራት ሰው አላጋጠመኝም።

ገሰራ ከሮቤ በስተ ሰሜን ናት። በምዕራብ አጋርፋ፣ በደቡብ ሲናና፣ በምሥራቅ ጎሎልቻ ያዋስኗታል፤ ድሮ ከጎሎልቻ ጋር አንድ ወረዳ ሆና ገሰራና ጎሎልቻ ትባል ነበር። በሰሜን በኩል ያለው ድንበሯ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ አርሲ ነው። ከሮቤ ተነስቶ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንዴ ነው። ሜዳው ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ባሌን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬም ኮምባይነር በብዛት ከሚታይባቸው የአገሪቱ ማሳዎች አንዱ ይህ ነው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም የተተከለው በዚሁ አካባቢ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሜዳ አይቶ ጎርፍ አያስብም። ጎርፍ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቆላ፣ ዳርቻውን የጣሰ ወንዝ፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ነው።

ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ያው ሜዳ ሌላ ነው። አፈሩ ኮቲቻ ነው፤ ሌላው አገር መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ እየዋጠ ይጠጣል፤ አንዴ ከጠገበ በኋላ ግን ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ጠብታ መሬት ውስጥ መግቢያ አያገኝም ማለት ይቻላል። ውኃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ስንዴው ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ስለዚህ በማረሻው ቦይ ያወጣለታል፤ የግብርና ባለሙያዎችም ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሰፊ መደብና በቦይ መዝራትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ትክክል ነው፤ ስንዴው ይድናል። ውኃውስ ወዴት ሄደ?

ወደ ጎረቤት ማሳ። ከጎረቤት ማሳ ወደ መንገድ ዳር ቦይ። ከመንገዱ ቦይ ወደ ቱቦ፤ ከቱቦው አፍ ወደ ግጦሽ መሬቱ። ቦረቦር የሚወለደው እዚያ ቱቦ አፍ ላይ ነው። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ውኃውን ከአስፋልቱ ወይም ከጠጠሩ ሥር አሳልፎ ማዶ ካደረሰ ሥራው አልቋል፤ ርክክብ ይፈጸማል። ከቱቦው የወጣው ውኃ ግን ቀድሞ በመቶ ቦታ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ነው፤ አሁን አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ከፍ ካለ ቦታ እየዘለለ አንዲት ነጥብ ይመታል። ከሥር ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው ሣርና አፈር ይናዳል፤ ናዳው ዓመት በዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ማሳው ይጓዛል። በቦረቦሩ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ነገር ያያል፦ የጠፋ መሬትና ለውኃ የተከፈተ አቋራጭ መንገድ። ዱሮ ጨፌውን አርሶ፣ ሣሩን አልብሶ፣ ቀናት ፈጅቶ ይወርድ የነበረ ዝናብ ዛሬ በሰዓታት ዋቢ ውስጥ ነው።

የባሌ ውኃ ሁሉ አንድ አቅጣጫ አይይዝም። የሰነቴ አምባ፣ የጎባው ቶጎና፣ የሮቤው ሻያ ወደ ዌብ ይገባሉ፤ ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል። የገሰራ ሰሜናዊ ጎን ግን ፊቱ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በዋቢ ሸበሌ ላይ ትልቁ ግድብ መልካ ዋከና ነው፤ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠርቶ በ1981 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረ፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ከ700 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ። ግድቡ ያለው ከገሰራ በላይ ነው። ከጀርባው የሚሰበሰበው ውኃ ወደ 5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ መሬት የሚመጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው የሸበሌ ተፋሰስ ግን 200 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህላል። ከገሰራ፣ ከአርሲ ደጋ አንድ ክፍልና ከሐረርጌ ገባር ወንዞች የሚወርደው ከግድቡ በታች ነው የሚገናኘው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሶማሊያ ድንበር ድረስ ይህን ውኃ ይዞ የሚያሳድር ትልቅ ግድብ የለም። ግድቡ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በሶማሌ ክልል ቆላ፣ በወንዙ ዳር ያለችው ጎዴ ደግሞ ከ300 ሜትር በታች። በመካከላቸው ውኃው የሚያደርገው መውረድ ብቻ ነው።

ከጎዴ በታች ባሉት ቀላፎና ሙስታሂል ጎርፍ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ነው። እዚያ ዝናብ ሳይዘንብ ወንዙ ይደፈርሳል፤ ከዚያ ይሞላል፤ ሌሊት ዳርቻውን ጥሶ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ደጋው ላይ ከዘነበ ቀናት አልፈውታል። ከወንዙ ዳር የሚኖሩት ረር ባሬዎች ይህን ያውቃሉ። እርሻቸው ራሱ ጎርፉን ጠብቆ የሚኖር ነው፤ ወንዙ ወጥቶ ሲመለስ በተወው እርጥበት ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ። መጠነኛ ጎርፍ ካልመጣ ይራባሉ፤ ከመጠን ካለፈ ይሰጥማሉ። የጎርፍ መከላከያ ሲባል ጎርፍን ማጥፋት ማለት ያልሆነው ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚላክ ዕቅድ ይህን ልብ ካላለ፣ ያዳነውን ሰው መልሶ ያስርበዋል።

ከመጠን ያለፈባቸው ዓመታት ግን ጥቂት አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሸበሌ ከዳርቻው ወጥቶ በቀላፎ፣ በሙስታሂልና በጎዴ ዙሪያ ሰው ገደለ፤ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ቤትና እህል አሳጣ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳርም፣ ኤልኒኞና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተደርበው ባመጡት ዝናብ፣ በሶማሌ ክልል እንዲሁ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለችው የሶማሊያዋ በለደወይን ከተማም በዚያው ሰሞን በዚሁ ወንዝ ተጥለቀለቀች። ወሮቹን ተመልከቱ፦ ጥቅምትና ኅዳር፤ በሌሎች ዓመታት ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት። አገሪቱ ስለ ጎርፍ የምታወራው ነሐሴ ላይ ነው፤ ሸበሌ የሚመጣው ወሬው ካበቃ በኋላ ነው።

ስለ ጎርፍ ገንዘብ የያዝነው ልማድ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ 1998 ዓ.ም. ክረምት መመለስ ይጠቅማል። ከሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን መታት። ዝናቡ ብዙውን የጣለው ከተማዋ ላይ አልነበረም፤ በስተ ደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር። በበጋ ሰው ገበያ የሚያቆምበት ደረቅ አሸዋ በእኩለ ሌሊት ወንዝ ሆኖ ተኝተው ከነበሩ ሰዎች ከ250 በላይ ገደለ። ነሐሴ 7 የኦሞ ወንዝ በዳሰነች ዳርቻውን ጥሶ 364 ሰው አለቀ። ፎገራ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ ተከበበ፤ ደንቢያም ተጥለቀለቀ። በዚያው ነሐሴ መንግሥትና ረድኤት ድርጅቶች በአንድነት 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚጠይቅ የአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሪ አወጡ። ድንኳን፣ ስንዴ፣ መድኃኒት፣ የውኃ ማጣሪያ። ጥሪው ተገቢ ነበር፤ የሰጠመ ሰው ፊት ስለ እርከን አይወራም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሥርዓት ሆነ፦ ጎርፍ ይመጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጥሪ ይወጣል፣ ገንዘቡ ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ይወርዳል፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ይደረደራል፣ አፈር ይከመራል። ድሬዳዋ የድጋፍ ግንቧን አገኘች። በርብ ላይ ደግሞ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ተሠራ። “ሳይቃጠል በቅጠል” የማይልበት መግለጫ የለም፤ በጀቱ ግን ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን አንዳንዱ ወንዝ በየዓመቱ በጀት ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም? አዋሽን ውሰዱ። የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለለት። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመለት። የስኳር ፋብሪካና የጥጥ እርሻ፣ የጅቡቲ መንገድና የባቡር ሐዲድ ዳርና ዳሩ ላይ ናቸው። አዋሽ ሲጥስ የሚጎዳው ሀብት ስም፣ ባለቤትና ሒሳብ ያለው ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ደለል የሚጠርግና የአፈር ግድብ የሚጠግን ገንዘብ ይመደብለታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 ለየተፋሰሱ ተቋም እንዲቆም ፈቅዶ ነበር። ዓባይ አቆመ፣ አዋሽ አቆመ፣ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቆሙ። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ዳዋ የየራሳቸው ባለሥልጣን ሳይኖራቸው፣ በ2011 ዓ.ም. ሁሉም በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ያም ፈርሶ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የጎርፍ ሥራ አመራር ፕሮጀክት 300 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ የታቀፉት ተፋሰሶች አዋሽ፣ ኦሞና ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። በስፋት አንደኛ የሆነው የሸበሌ ተፋሰስ የለበትም።

ጥናት ጎድሎ ነው እንዳይባል፣ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ሸበሌን ከላይ እስከ ታች ያጠኑት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም ሌላ ማስተር ፕላን ተሠርቷል። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ አለ።

የጎደለው ሒሳቡን የሚያገናኝ አካል ነው። ነገሩን እንዲህ እንየው። ገሰራ ውስጥ አንድ ቦረቦር በክትር ቢታሰር፣ ከቱቦ አፍ የሚወጣው ውኃ በሣር በተሸፈነ ቦይ ቢመራ፣ ገደል አፋፉ ላይ ያለው መሬት ከእርሻ ቢከለል፣ ወጪው የኦሮሚያ ነው። ጥቅሙ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ የገሰራ ገበሬ መሬቱ ይተርፍለታል፣ ቀላፎ ያለው ሰው ደግሞ የሚደርስበት ውኃና ደለል ይቀንስለታል። ሁለተኛው ጥቅም በኦሮሚያ ሰነድ ላይ አይመዘገብም። በሶማሌ ክልል ሰነድ ላይም ክልሉ በሌላ ክልል መሬት ላይ ገንዘብ የሚያፈስበት የሒሳብ መደብ አይገኝም። ስለዚህ የሶማሌ ክልል በገዛ ግዛቱ አፈር ይከምራል፤ ኦሮሚያ ደግሞ ገሰራን የምትመለከተው በኩንታል ስንዴ ነው። በሁለቱ መካከል የሚወርደው ውኃ ባለቤት የለውም።

የወረዳው ኪስስ? ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፌዴራል መንግሥት ለክልል ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ በቀመር ለወረዳ ያካፍላል፣ ወረዳው ራሱ ይመድባል። በወረቀት ሲታይ ሥልጣኑ ያለው ገበሬው አጠገብ ነው። ሆኖም በአብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ከሚመጣው ብር የሚበዛው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው። ከዚያ የተረፈው ለነዳጅ፣ ለአበል፣ ለጽሕፈት መሣሪያ ይሆናል። ለካፒታል ሥራ የምትቀረው ጥቂት ብር ትምህርት ቤትና የመጠጥ ውኃ ይሻሙባታል። የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኖ “ክፍል የሌላቸውን ልጆች ትታችሁ ቦረቦር ሙሉ” ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ወንበሩ ላይ ብቀመጥ እኔም ለልጆቹ እጄን አወጣለሁ።

ሌላው በር ሴፍቲኔት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በመቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር እርከን አሠርቷል፤ የሚመርጠው ግን የምግብ ዋስትና የጎደለውን ወረዳ ነው። ትርፍ አምራች ነው ከተባለ ደጋ ውኃ ቢነሳም፣ መመዘኛው ውኃው ከየት እንደሚነሳ አይጠይቅም።

ስለዚህ የደጋው የጎርፍ መከላከያ በጀት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የገበሬው ጉልበት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ልማት ንቅናቄ ይታወጃል፤ ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ያለ ክፍያ ለሳምንታት ይወጣል። በጥሬ ገንዘብ ቢተመን የአገሪቱ ትልቁ የጎርፍ መከላከያ መዋጮ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በጀት ሰነድ ላይ ግን የለም። ሥራው በትግራይ፣ በወሎ፣ በኮንሶ ተዳፋት ላይ የተመሰገነ ውጤት አለው። ባሌ ስንዴ ላይ ግን አንድ ችግር ይገጥመዋል። ለጥ ያለ ማሳ ላይ የተሠራ የአፈር እርከን ለኮምባይነርና ለትራክተር እንቅፋት ነው። ማሽኑ በሰዓት ወይም በኩንታል የሚከፈልበት በመሆኑ እርከን ባለበት ማሳ ሥራው ይዘገያል፣ ባለ ማሽኑም ፊቱን ያዞራል። ጥር ላይ በዘመቻ የተሠራው እርከን ቀስ እያለ በማረሻ ቢበላ ገበሬውን መውቀስ ይከብዳል። መመሪያው የተጻፈው ለተራራ ነው፤ እሱ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው የሚፈልገው ከማሳው በላይ ጎርፍ መቀልበሻ፣ በማሳዎች መካከል በጋራ የተያዘ ሣር የለበሰ የውኃ መውረጃ፣ ቱቦ አፍ ላይ ድንጋይና ጋቢዮን፣ የቀረውን ጨፌ ሳያርሱ መተው ነው። አካፋ ብቻ ይህን አይሠራም። ጋቢዮን ሽቦ በገንዘብ ይገዛል፤ ሎደር በነዳጅ ይሄዳል፤ ለውኃ መውረጃ መሬት የሚለቀው ገበሬ ካሣ ወይም ምትክ ይሻል።

ይህ ሳይሠራ ቆላው ላይ የሚከመረው አፈር ምን ይሆናል? ከደጋው የሚወርደው ውኃ ደለል ይዟል። ወንዙ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ደለሉን ይጥላል። ዱሮ ዳርቻውን እየጣሰ በሜዳው ላይ ያሰራጨው የነበረውን፣ በሁለት የአፈር ግድብ መካከል ሲታሰር እዚያው ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል። ወለሉ ከፍ ይላል፤ ግድቡም ከፍ ማለት አለበት። ቻይናዎች በቢጫው ወንዝ ይህን ውድድር በሺህ ዓመታት ሞክረውት ወንዙ በአንዳንድ ቦታ ከሜዳው በላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ በመጨረሻ ደለሉ ወደሚነሳበት የሎዌስ አምባ ወጥተው ተዳፋቱን ማከም ጀመሩ። የሸበሌ የአፈር ግድቦችም እንዲሁ እየተጠገኑ እንደገና የሚፈርሱ ናቸው። የአዋሽን የደለል ጠረጋ በጀት ያየ ሰው ውድድሩ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋውም።

ግን አጉል ተስፋ መስጠትም አልፈልግም። ገሰራ በሙሉ በእርከንና በሣር ቢሸፈን እንኳ የ2016ቱን የመሰለ ጎርፍ አያስቀርም። ኮቲቻ ከጠገበ ጠግቧል፤ ለሳምንታት ያለማቋረጥ ሲዘንብ የታከመውም ያልታከመውም መሬት ውኃውን ይለቃል። የሐረርጌ ገባሮችና የቆላው የራሱ ዝናብም አሉ። የደጋ ሥራ የሚቀንሰው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚመጣውን መካከለኛ ጎርፍና ደለሉን ነው። ትልቁ ሲመጣ ሰው የሚያድነው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደጋው ላይ የወንዝ መለኪያ፣ ስልክ ደዋይ ሰው፣ ቆላው ላይ ቀድሞ የታወቀ ከፍታ ቦታ። ውኃው ቀላፎ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ድሬዳዋ ያንን ሌሊት ያላገኘችውን ጊዜ ሸበሌ ይሰጣል። መለኪያ ጣቢያና ስልክ ደግሞ ከማንኛውም ግድብ ይረክሳሉ።

አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ የሕንፃ ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ፌዴራል መንግሥቱ አደጋን አስቀድሞ ለመቀነስ ያወጣው እያንዳንዱ ዶላር በአማካይ 6 ዶላር ኪሳራ እንዳስቀረ አስልቷል። የእኛ አገር ሒሳብ የተለየ ይሆናል፤ ግን የብዙ አገር የበጀት ሰው የሚስማማበት አቅጣጫ ነው። ችግሩ ያ 6 ዶላር የሚተርፈው ለሌላ መሆኑ ነው። ኬንያውያን ይህን በከፊል ፈተውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የላይኛው ጣና–ናይሮቢ የውኃ ፈንድ፣ ከወንዙ በታች ያሉ ውኃና ኃይል ተጠቃሚዎች ከላይ ያለው ገበሬ እርከን እንዲሠራና ሣር እንዲተክል ይከፍላሉ። ለባሌም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ደኖች ከካርቦን ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ደኑን ለሚጠብቁ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደርሷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዓለም ለደኑና ለቀይ ቀበሮው ዋጋ ሰጠ። ከደኑ ወጣ ብሎ ስንዴ ውስጥ ለሚወርደው ውኃ ግን ዋጋ የሰጠ የለም።

አሁን አጋጣሚ አለ። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የአደጋ ሥጋት ምላሽ ፈንድ ጉዳይ ብዙ ያነጋገረው ከደመወዝና ከአገልግሎት ክፍያ መዋጮ ስለሚነካ ነበር። ሰው ከኪሱ ምን እንደሚወጣ መጠየቁ ደግ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚወርድ ግን ያንን ያህል አልተጠየቀም። ፈንዱ እንደ ስሙ ለምላሽ ብቻ ከዋለ፣ የ1998ቱን ልማድ በአዋጅ ማጽናት ይሆናል። ድንኳንና ስንዴ በቋሚነት እንገዛለን።

እኔ የምለው ይህ ነው። ለሸበሌ ቆላ ለአፈር ግድብና ለአስቸኳይ ዕርዳታ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ፣ ለምሳሌ ከአሥር ብር አንዱ፣ ከክልል ድንበር ተሻግሮ ውኃው ወደሚነሳበት ደጋ ይውጣ። የሚያወጣው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ይሁን፤ ኦሮሚያና ሶማሌ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይፈርሙበት። የባሌ ገንዘብ ደግሞ በሐምሌ ቀን መቁጠሪያ አይታሰር፤ ጨረታው ክረምት ላይ አልቆ፣ ድንጋዩና ሽቦው ኅዳር ላይ ቦታው ደርሶ፣ ሥራው ጥር 1 የሚጀምር፣ ሰኔ 30 ላይ ብሩ ተመላሽ የማይሆን የሁለት ዓመት ውል ይኑረው። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ከቱቦው አፍ በታች ያለውን ሳይጨርስ ርክክብ አይፈጸምለት። የሮቤው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ውጤቱን ይለካ።

ይህን የምታነቡ የምክር ቤት አባላት፣ የሚቀጥለው በጀት ሲቀርብላችሁ ለጎርፍ ስንት እንደተያዘ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከተያዘው ውስጥ ስንቱ ከሸበሌ ገደል በላይ ላለው መሬት እንደሆነ ጠይቁ።